ያለፈው ሰማንያኛ ቀን

ግንቦት 30 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሰብለ ወንጌል በምትሠራበት የጎንደር መዝገብ ቤት የራሷን ፋይል ስትዘጋ፣ በልደት ምስክርነቱ ወረቀት ላይ ካሉት ሁለት የምስክር መስመሮች አንዱ ባዶ ነበር። በመጀመሪያው ላይ የክርስትና እናቷ የአውራ ጣት አሻራ አርፏል። በሁለተኛው ላይ የእናቷ የወይዘሮ እንኳየሁ መሆን ነበረበት። «የኔን እሑድ አደርገዋለሁ» ብለው ነበር።

ነገሩ የጀመረው በወሩ መግቢያ ነው። የልደት ቀኑን ያላስመዘገበ ሠራተኛ ከግንቦት በኋላ በቋሚነት አይቀጠርም የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። አለቃዋ አቶ ዋኘው ነገሩን አቀለሉት።

«መስከረም አንድ በይና ገላግዪን» አሏት። «እኔም መስከረም አንድ ነኝ። ግማሹ መሥሪያ ቤት በአንድ ቀን ነው የተወለደው። የዚያን ዕለት አዋላጆች እንዴት እንደ ተረፉ ይገርመኛል።»

ሰብለ ወንጌል አልሳቀችም። ዩኒቨርሲቲ ተምራ የተመለሰችው የሰውን ፋይል ከግምት ልታጠራ ነው እንጂ የራሷን ግምት ልትጨምርበት አይደለም። ደግሞም ስሌት ነበራት። ክርስትና የተነሣችው በ1934 ዓ.ም. ጥር 12፣ በሚካኤል ዕለት ነው፤ የክርስትና ስሟም ከዚሁ የተነሣ ወለተ ሚካኤል ተባለ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በተወለደች በሰማንያ ቀኗ ነው። ከጥር 12 ሰማንያ ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር ጥቅምት 22 ላይ ይወድቃል። የቀረው እናቷ «አዎ» ብለው መመስከራቸው ብቻ ነው።

እናቷ ግን አዎም አይደለምም አላሉም። ሳምንቱን ሙሉ በጠየቀቻቸው ቁጥር ወይ ጥጡ አልተዳመጠም፣ ወይ የጎረቤታቸው የሐረገወይን ወንፊት አልተመለሰም ይሏታል። የተዋሱት ወንፊት ከፋሲካ ጀምሮ ግድግዳቸው ላይ እንደ ተሰቀለ ነው። በመጨረሻ ሲጨንቃቸው «እሑድ ቀሐ፣ ባሕረ ጥምቀቱ ጋ እንውረድ፤ እዚያ እነግርሻለሁ» አሉ።

ግንቦት 8፣ ከቅዳሴ በኋላ ወረዱ። ወይዘሮ እንኳየሁ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ፈትል እየፈተሉ ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። በአዘቦት እንዝርት ከእጃቸው አይለይም። በሰንበት ግን እጃቸው ሥራ ይፈታና ያገኘውን ሁሉ ሲነካካ ይውላል። የወይራ ቅጠል ቀጥፈው አሸተቱ። ጥዱን እንደ በግ ዳሰሱት። ከመቶ እርምጃ ውስጥ ሠላሳውን ቆመው ነው ያሳለፉት፤ ሰብለ ወንጌል ደብተሯን በብብቷ ይዛ ከኋላቸው ትቆማለች።

«ይቺን ወፍ እያት» አሉ ወደ ላይ አንጋጠው። «ምነው እንዲህ ትጮኻለች? ዝናብ ስትጣራ ጉሮሮዋ ሊበጠስ ነው።»

«እማ፣ ጥቅምት ሃያ ሁለት።»

«ጥቅምት ምን?»

«የተወለድኩበት ቀን። ነው ወይስ አይደለም?»

«ዋርካው ጋ እንድረስ።»

ዋርካው ጋ ደረሱ። ሥሮቹ የባሕረ ጥምቀቱን የድንጋይ ግንብ አንቀው ይዘውታል። ወይዘሮ እንኳየሁ ሥሮቹን አንድ በአንድ ነካኩና «ይቺ አምና አልነበረችም» አሉ። ከዚያ አጋም አዩ። ከነእሾሁ እየታገሉ የነጠላቸውን ጫፍ ሞሉና ለልጃቸው ዘረጉላት።

«ብዪ፣ ሸጋ ነው።»

«እኔ አጋም ልበላ አልመጣሁም። ይህ ወረቀት ካልተሞላ ከሥራ እወጣለሁ። ከአንቺ ጋር ጥጥ ስፈለቅቅ ልውል ነው?»

«እሱስ እጅሽ ለጥጥ አይረባም።»

አንድ የበሰለ አጋም ተንከባሎ ደብተሩ ላይ ፈረጠ። ጥቅምት 22 የሚለው ቀላ። ሰብለ ወንጌል በመሐረቧ ብትጠርገው ባሰበት፤ ደብተሩን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው።

«በቃ። ጥቅምት ሃያ ሁለት ብዬ እጽፈዋለሁ።»

«በጥቅምት አይደለም» አሉ እናቷ፣ ዋርካው ሥር ቁጭ ብለው። «በመስቀል ማግስት ነው። የደመራው አመድ ከግንባሬ አልለቀቀም ነበር።»

ሰብለ ወንጌል ደብተሩን መልሳ ከፈተች። መስከረም 18። ከዚያ ሰማንያ ቀን ታኅሣሥ 8 ነው።

«ታዲያ ክርስትናዬ ለምን ጥር ሆነ?»

ወይዘሮ እንኳየሁ አጋሙን በጣታቸው ሲያገላብጡ ቆዩ።

«ጣሊያን ጎንደር ውስጥ ተከቦ ነበር። አውሮፕላን ሲመጣ አንቺን ይዤ እዚህ ሥር እገባለሁ። የደብራችን ቄሶች ታቦቱን ይዘው ገጠር ወጥተዋል። በኅዳር ጣሊያን ተሸነፈ፤ እነሱ ግን ቶሎ አልተመለሱም። ሰማንያኛ ቀንሽ እዚሁ እንደ ተቀመጥኩ መሸ። ከዚያ በኋላ ሠላሳ አራት ቀን ትንፋሽሽን ሳዳምጥ አደርኩ። ሳትጠመቅ ብትሞትብኝ የት ይቀብሯታል እያልኩ። ለጥምቀት ታቦቱ ሲመለስ ነው ያስነሣሁሽ።»

ሰብለ ወንጌል ከታኅሣሥ 8 እስከ ጥር 12 ቆጠረች። ሠላሳ አራት።

«ለሰው ሁሉ በሰማንያዋ ነው ብያለሁ» አሉ እናቷ። «ከክርስትና እናትሽ በቀር የሚያውቅ የለም። አሁን አንቺ ቀኗን አሳለፍኩባት ብለሽ በመንግሥት ወረቀት ልታስፈርሚኝ ነው።»

«ወረቀቱ የሚጠይቀው ልደቴን ነው፤ ስለ ክርስትናው አንድ መስመር የለውም። ለዚህ ነው ሳምንቱን ሙሉ ወንፊት ወንፊት ስትዪኝ የከረምሽው?»

«ወንፊቱም መመለስ አለበት።»

ሰብለ ወንጌል መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ብላ ጻፈች። ከዚያ አጋሙን በላች። ሲመለሱ እናቷ ጥዱ ጋ እንደገና ሲቆሙ «ነይ እንጂ» አላለቻቸውም።

ቤት ሲደርሱ ግን ወረቀቱን አውጥታ አሻራቸውን ጠየቀች። «መጀመሪያ ክርስትና እናትሽ የዓለምወርቅ ታድርግ» አሉ። «የኔ ከቀደመ እናት ለልጇ ዋሸች ይላሉ። የኔን እሑድ አደርገዋለሁ።»

ቅዳሜ ንዳድ ጣላቸው። እሑድ እጃቸውን ማንሣት አልቻሉም። ግንቦት 19 ቀን ዐረፉ። አቶ ዋኘው ወረቀቱን አይተው «በባዶው መስመር ላይ ሟች ብለሽ ጻፊ፤ አንድ ምስክር ይበቃል» አሏት። ሰብለ ወንጌል ሟች የሚለውን አልጻፈችም። እሳቸውም አልደገሙላትም፤ ፈርመው ቋሚ አደረጓት።

በመጀመሪያው መስመር ያለው አሻራ ጥቁር ነው። ደንቡ ሐምራዊ ቀለም ይላል። ወይዘሮ እንኳየሁ ከመታመማቸው በፊት፣ ዓርብ ግንቦት 13 ቀን፣ ለልጃቸው ሳይነግሩ ወረቀቱን ይዘው ክርስትና እናቷ ወዳሉበት አዘዞ በአውቶቡስ ወረዱ። የክርስትና እናትየዋ ቤት ቀለም ስላልነበረ ወይዘሮ የዓለምወርቅ አውራ ጣታቸውን ከድስት ቂጥ ጥላሸት አስነክተው አሳረፉ። ጥላሸቱ እንዳይበላሽ ወይዘሮ እንኳየሁ ወረቀቱን ሳያጥፉ፣ ለዚሁ ብለው ከግድግዳው ባወረዱት ወንፊት ላይ ዘርግተው፣ በጭናቸው እንደ ያዙ ጎንደር ድረስ መጡ። ወረቀቱን የልጃቸው አልጋ ላይ አኖሩ። ከዚያ ወንፊቱን አራግፈው ለሐረገወይን መለሱ።