ጋሼ ያሰሯት ሽቦ

አጎቴ መኪናቸው መንገድ ላይ ስትቆምባቸው አይናደዱም ነበር። ኮፈኖውን ከፍተው፣ "እስቲ ዛሬ ደግሞ ምን አምሯት ይሆን?" እያሉ አንገታቸውን ያስገባሉ። በጡረታ ደመወዝ አዲስ ዕቃ ስለማይገዛ፣ ያረጀውን ሁሉ እያሰሩና እየጠገኑ ነው የነዷት።

ምጥ ሲይዘኝ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ሆስፒታል ይዘውኝ የሮጡት እሳቸው ናቸው። ቃሊቲ ስንደርስ ከሞተሩ እንፋሎት ቱግ ብሎ ወጣና ቆምን። የውሃው ቱቦ ተቀዷል።

"ጋሼ፣ ሌላ መኪና ያስቁሙልኝ! መውለዴ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

"አይዞሽ ልጄ፣ ካቃተኝ አስቆማለሁ፤ መጀመሪያ ልያት" አሉኝ። ከኋላ አሮጌ የጎማ ከመነዳሪ አውጥተው በቢላ ሸነተሩትና ቱቦውን ጥብቅ አድርገው አሰሩት። ሞተሩ በረድ ሲል ውሃ ሞሉ። እኔም ምጤ ፋታ ሲሰጠኝ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ እጃቸውን አይ ነበር። ልጄን ሆስፒታል ገብቼ በሰላም ወለድኳት።

ጋሼ ካረፉ በኋላ መኪናዋ ለእኔ ደረሰች። በቀደም ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ከሥር ሆኖ፣ "እህቴ፣ ይቺ ሽቦ ምን ትሠራለች?" አለኝ። አንዱ ጫፏ ከመሪው ሥር ይነሳል፤ ሌላው የት እንደሚደርስ አይታይም። ከዘመድ የሚያውቅ የለም። የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

"ልፍታት?" አለኝ።

"ቆይ፣ አትንካት" አልኩና ጎኑ ተንበርክኬ ሽቦዋን በጣቴ ተከተልኳት።

ጋሼ፣ ነፍስዎ በሰላም ትረፍልኝ። እስካሁን አልፈታናትም።