ከእህቴ ጋር የተመዘነው ቡችላ

ባለፈው ሳምንት አዳማ ውስጥ ከእህቴ ከመሰረት ጋር የአራት ወር ልጇን ለማስመዘን ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ነርሷ ሕፃኑን የሚንጠለጠለው ሚዛን ላይ እንደ ዘንቢል ስትሰቅለው ቀስቱ ተንቀጠቀጠ፤ ክፍሉ ውስጥ ጭራሽ ያልነበረ የሽንኩርት ሽታም አፍንጫዬን ሞላው።

አባታችን ሽንኩርት ነጋዴ ነበር። ከባቱ በአይሱዙ የሚመጣው ሽንኩርት ግቢያችን ውስጥ ስለሚራገፍ ልብሳችን፣ ደብተራችን፣ እናታችን ለበዓል ብቻ የምታወጣው ነጠላ ሳይቀር ሽንኩርት ሽንኩርት ይል ነበር። መሰረት ያለ ጊዜዋ የተወለደች፣ ለመታቀፍ የምታስፈራ ሚጢጢ ሕፃን ነበረች፤ እሷ በተወለደች ሰሞን የአባባ መጋዘን ዘበኛ ቡችላ አመጣልን፣ ቡቺ አልነው። እሁድ እሁድ አባባ የሽንኩርቱን ሚዛን በእርጥብ ጨርቅ ወልውሎ መጀመሪያ መሰረትን በፎጣ፣ ቀጥሎ ቡቺን በጆንያ ይመዝን ነበር። እናቴ የሰው ዓይን ስለምትፈራ የልጇ ኪሎ በድምፅ እንዳይጠራ ከልክላለች። ስለዚህ አባባ የቡቺን ኪሎ ጎረቤት እስኪሰማ ያውጃል፤ የመሰረትን ጭማሪ ግን ለእናቴ ብቻ በጣቶቹ ያሳያታል፣ አንድ ጣት ለመቶ ግራም። ብዙውን እሁድ የሚያሳያት የተጨበጠ እጁን ነበር።

ቡቺ ግን ለጉድ አደገ። ጥርስ አወጣ፣ የአባባን ሸበጥ በላ፣ በሦስት ወሩ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር እየተከተለ መጮህ ጀመረ፤ መሰረት ገና አንገቷ አልጠናም። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ፣ «አይዞሽ፣ ቡችላ ዓመት ሳይሞላው አድጎ ይጨርሳል። ልጅሽ ገና ብዙ አለባት፣ ምን ያስቸኩላታል?» እያለች እናቴን ታጽናና ነበር። እኔ ደግሞ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ አንደኛ ክፍል ስለገባሁ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። በአንድ ሚዛን ተመዝነው አንዱ እየጨመረ ሌላዋ የምትቀረው፣ ቡቺ የእህቴን እድገት እየወሰደባት ስለሆነ ነው አልኩ። እናቴ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ያየኋት ቀን ደግሞ ቆረጥኩ።

በማግስቱ ሽንኩርት አራግፎ ወደ ባቱ ለሚመለስ፣ ከዚያ በፊትም በኋላም አይቼው ለማላውቅ ሾፌር ቡቺን አቅፌ ሰጠሁት።

«አባትሽ ያውቃል?» አለኝ።

«እሱ ነው የላከኝ» አልኩ። ቡቺ የምንጫወት መስሎት በጋቢናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ እያየኝ ሄደ።

በሚቀጥለው እሁድ አባባ ሁለት ጣት አሳየ። እናቴ ሳቀች። አባባ ግን ሳምንቱን ሙሉ ሰፈር ለሰፈር ቡቺን ሲፈልግ ስለሰነበተ ኪሎ ሳያውጅ ሚዛኑን መልሶ ሰቀለው፤ ከዚያ ወዲያ ከግቢያችን የሚታወጅ ኪሎ አልነበረም። እኔ ለዓመታት እህቴን ያዳንኳት እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር፤ ኮርቼበታለሁም፣ ብቻዬን አልቅሼበታለሁም። መሰረት በራሷ ጊዜ እያደገች እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። እሷ ልጅ ሆና እኩያሽ ማነው ሲሏት መልኩን እንኳ የማታስታውሰውን ውሻ ጠርታ «ቡቺ» ትል ነበር፤ ጠፋ ብለን ነበር የነገርናት። የትም ቢያድግ እሷ ስምንተኛ ክፍል ሳትደርስ አርጅቶ ሞቷል። ከሰጠሁት በኋላ ያለውን ዕድሜውን አንድ ቀን እንኳ አላየሁለትም።

ከጤና ጣቢያው ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ሁሉንም ነገርኳት። መሰረት አልተቆጣችም። የልጇን ኮፍያ አስተካክላ፣ «እድገቱ ለሁለታችንም ይበቃ ነበር እኮ» አለችኝ።