ጋሽ በድሉ ሲሰኩት ብቻ የሚሠራው ማሽን

ኧረ ጉድ ነው! እኔ ስሰካው እምቢ ያለው ማሽን ጋሽ በድሉ ሲሰኩት ሠራ።

ዛሬ አብነት ሰፈር፣ እሳቸው የእንጨት ሥራ ቤት ነበርኩ። የእንጨት መቅረጫ ማሽኑን ከላፕቶፔ ጋር ሳገናኝ፣ ላፕቶፑ የሚሠራበት ሊኑክስ «ፖርቱ ተይዟል» ይለኛል፤ ማሽኑ የተሰካበትን መስመር ሌላ ነገር ይዞታል ማለቱ ነው። ማን ያዘው? ደንበኛው የሱቁን ታፔላ ሊወስድ በር ላይ ቆሟል።

ጋሽ በድሉ ገመዱን ሰኩ፣ መነጽራቸውን ፈልገው ጠረጉ፣ ከዚያ ሲያስጀምሩት መቅረጽ ጀመረ!

ታፔላው ካለቀ በኋላ እልህ ይዞኝ እኔ ስሰካው፣ አሁንም እምቢ። (ምን በድዬው ነው?)

ለካ ከጀርባ የሚሠራ አንድ ፕሮግራም ማሽኑን የኢንተርኔት ሞደም እየመሰለው፣ በተሰካ ቁጥር ፖርቱን ለጥቂት ሰከንድ ይይዘዋል። እኔ ወዲያው ሳስጀምረው ገና እንደያዘው ነው፤ እሳቸው መነጽር ሲፈልጉ ግን ይለቀዋል።

ፕሮግራሙን አጠፋሁትና ይህን ሁሉ አስረዳኋቸው። «አዎ ልጄ፣ ችኩል ሰው አይወድም» አሉኝ።

እናንተንስ እምቢ ብሎ ለሌላ ሰው እሺ ያለ ዕቃ አለ? ወይስ እኔን ብቻ ነው?