ጋሽ ጎሚስታን ከመዝገብ ያወጣንበት ቀን

እሁድ ጠዋት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አንድ የሞተ ሰው ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ...

ነገሩ የሆነው ናይሮቢ ነው፤ የእኛ ሚሊኒየም ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት። የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌዎች «እዚህ አገር መጥተው እዚሁ ያረፉ ወገኖቻችን ስማቸው ተሰብስቦ ይታሰቡ» አሉ። ዲጂታል ካሜራ ያለኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ።

ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከምኖርበት ካሳራኒ ማታቱ የሚሉትን ታክሲ ተሳፍሬ አሮጌው መካነ መቃብር እሄዳለሁ። ድንጋዩን በብሩሽ እፈገፍጋለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ የተጻፈውን ደብተሬ ላይ እገለብጣለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ራሴን እንደ ትልቅ ተመራማሪ ማየት ጀምሬያለሁ።

አንዱ ድንጋይ ላይ የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን ተቀርጿል። የሚስትየዋ የተወለዱበትም ያረፉበትም ዓመት አለ። የባልየው ግን የተወለዱበት ብቻ... ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ታዲያ ተመራማሪው ምን ቢል ጥሩ ነው? «አቶ ታፈሰ ደምሴ፤ የሞቱበት ዓመት በዝናብ የጠፋ» ብሎ ቁጭ!

የመቃብሩን ቢሮ መዝገብ ውሃ ግማሹን አበላሽቶት ስለነበር፣ ጸሐፊዋ ዝርዝሬን በደስታ ተቀብላ ገለበጠችው። ሌላውን ኮፒ ለቤተክርስቲያን ሰጠሁ። በዚያች እሁድ ስሙ አንድ በአንድ ሲነበብ ሕዝቡ «ነፍስ ይማር» እያለ ተቀበለ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ በኩራት ልፈነዳ ነው።

ትከሻዬን የያዙኝ ሰውዬ ቲካ መንገድ ላይ ጎማ የሚጠግኑት ጋሽ ጎሚስታ ነበሩ። ሁላችንም የምንጠራቸው በሥራቸው ነው። ሌላ ስም ይኖራቸዋል ብሎ ያሰበ ሰው ያለ አይመስለኝም።

« አንተ ነህ የገደልከኝ? »

« ኧረ ጋሼ፣ ማንን ነው የገደልኩት? »

« ታፈሰ ደምሴ እኔ ነኝ! ስሜ ሲጠራ እኔም ከሰው ጋር ነፍስ ይማር ብያለሁ... ቆይቼ ነው የነቃሁት! »

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

« ሳቅ አንተ። ከባለቤቴ ከብርቅነሽ ጎን ያለችውን ቦታ እሷን የቀበርኩ ዕለት ነው ያስያዝኳት። ስሜንም ያኔውኑ አስቀረጽኩ። አሁን ተቀብሯል ተብሎ ከተጻፈ፣ የእውነት የሞትኩ ቀን ሞልቷል ብለው የት ሊወስዱኝ ነው? እሷን ብቻዋን ላስተኛት? »

ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት አብረን ቢሮው ሄድን። ጸሐፊዋ አንዱ ስም ላይ ስህተት እንዳለ ስነግራት መዝገቡን ገለጠች፣ ስሙን አገኘች፣ ከዚያ ጋሽ ጎሚስታን በሐዘኔታ እያየች በስዋሂሊ አጽናናቻቸው።

« ፖሌ ሳና፣ ምዜ። የሟች ምን ነዎት? »

« ሟቹ ነኝ! »

ልጅቷ መነጽሯን አወለቀች። ችግሩንም ነገረችን። የተቀበረ ሰው ከመዝገቡ የሚሰረዘው አስከሬኑ ሲወጣ ብቻ ነው፤ አስከሬን ለማውጣት ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል።

« እኔ'ኮ በእግሬ ነው የመጣሁት! » አሉ ጋሽ ጎሚስታ።

መታወቂያቸውን አሳዩ። እሷም ስም የሚመሳሰል ብዙ ሰው ስላለ ከሚያውቃቸው ድርጅት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ እንድናመጣ ጠየቀች። ማኅተም ሲባል የእኛ ሰው የት እንደሚሮጥ ታውቃላችሁ... እድር!

የእድራችን ሊቀመንበር አገር ቤት ሳሉ የመሥሪያ ቤት ሰው ነበሩ። ፊታቸው ፈገግ ሳይል፣ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ጻፉት። የአማርኛውን እስከ ዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ።

« ለሚመለከተው ሁሉ። አቶ ታፈሰ ደምሴ የእድራችን አባል ሲሆኑ፣ ይህ ደብዳቤ እስከተጻፈበት ቀን ድረስ አለመሞታቸውን እናረጋግጣለን። ከሞቱም የምንቀብራቸው እኛ ስለሆንን ሳንሰማ አንቀርም። »

ከሥሩ ክብ ማኅተም ድም!

ጸሐፊዋ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ማስመሪያ አውጥታ፣ በቀይ እስክሪብቶ ጋሽ ጎሚስታን ከመቃብር አወጣቻቸው። ሰውዬው በረጅሙ ተነፈሱ። እኔም አብሬ ተነፈስኩ።

እዚያው ቆሜ የራሴን ደብተር አስተካከልኩ። የቀድሞውን ሰርዤ «ቦታው ሰው ይጠብቃል» ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ ጎሚስታ አንገታቸውን አስግገው አነበቡና እስክሪብቶውን ከእጄ ቀሙኝ። ጎማ በለመደ ጣታቸው ከሥሩ ጨመሩበት...

« ሰውየው ግን ሥራ ላይ ነው። »

እኔም ከዚያ ወዲህ ድንጋይ ላይ ስም ሳነብ፣ ከማዘኔ በፊት ሰውየውን ስልክ ደውዬ እፈልገዋለሁ።