ቅቤ የተቀባው አፍንጫ

ሮቤ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ከመደበኛው ክፍል ሌላ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ጎልማሶችንም አስተምራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የግራ አፍንጫዬ አየር አያስገባም፤ ብዙ ከተናገርኩ ድምፄ ይታፈናል። አሰላ ያየኝ ሐኪም የአፍንጫዬ መሐል ግድግዳ ጠማማ መሆኑን ነገረኝና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቀዶ ጥገና አደረገልኝ።

ከሆስፒታል ወጥቼ እዚያው አሰላ እናቴ ቤት ስገባ ፊቴ አብጦ አፍንጫዬ ከጉንጮቼ ጋር እኩል ሆኗል። እናቴ ደጃፉ ላይ ክው ብላ ቀረች። ሽማግሌ ተልኮ የማገባት ልጅ ተፈቅዳልኝ ነበር፤ ሰርጉ ለጥር ተቆርጧል። ይህን ፊት ይዤ አማቶቼ ደጅ የምቆም መሰላት።

እኔ እንደ ልማዴ ማስረዳት ጀመርኩ። ባለ ሁለት ክፍል ቤት አስቢ አልኳት፤ መሐል ያለው ግድግዳ ተጣሞ አንዱን ክፍል አጥብቦታል፣ ሐኪሙ ያቃናው እሱን ነው። ለምን መነካት እንደሌለበትም ገለጽኩላት፤ የአፍንጫ አጥንት እስኪድን ድረስ እንደ አራስ ልጅ ለስላሳ ነው አልኩ። ራሷን ነቀነቀች። ገባት ብዬ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ጋደም ብዬ እንቅልፍ ወስዶኝ ሳለ፣ አፍንጫዬን ከሥሩ ይዞ ወደ ፊት የሚጎትተኝ ነገር ቀሰቀሰኝ። እናቴ ናት። ተንበርክካ፣ ጣቶቿን ቅቤ ውስጥ ነክራ፣ የሕፃን አፍንጫ ሰልካካ እንዲወጣ እንደሚታሸው ከላይ ወደ ታች ታሸኛለች። ትኩስ ደም ከንፈሬ ላይ ወረደ። እጇን ገፍቼ ተነሣሁ።

«ለስላሳ ነው አላልክም?» አለች፣ እጇ አየር ላይ ቀርቶ። «ሳይጠና ላውጣው ብዬ ነው እንጂ።»

ነጠላዋን አፍንጫዬ ላይ ይዤ ወደ ሆስፒታል ተጣደፍን። መንገዱን ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ የተቃናው ተመልሶ ተጣሞ ይሆን? ሐኪሙ ቅቤውን አይቶ ደነገጠ። ማን ቀባህ ሲለኝ እሷ ራሷ ነገረችው። የረጋውን ደም አወጣና በመብራት ውስጡን ሲያይ ቆየ። በመጨረሻ ግድግዳው አልተነቃነቀም አለ።

እናቴ አልተረጋጋችም። «እንዲህ ተጠፍጥፎ ሊቀር ነው?» አለችው።

«እናቴ፣ የውጩን እኔም አልነካሁት። እብጠት ነው፤ ይወርዳል። ብቻ እርስዎ እጅዎን ይሰብስቡልኝ» አላት ሐኪሙ።

አግዳሚው ላይ ዝርፍጥ ብላ አለቀሰች። ወደ ቤት ስንመለስ ይህንኑ ለምን እኔን እንዳልጠየቀችኝ ጠየቅኳት።

«አንተ ስታስረዳ ማን ይጠይቃል?» አለችኝ።

እብጠቱ ወርዶ የድሮው አፍንጫዬ እስኪታይ ድረስ፣ አጠገቤ በተቀመጠች ቁጥር ሁለት እጇን ብብቷ ሥር ትደብቅ ነበር።