ልጄ ጠቡን ሳትቀንስ ያሻገረች ዕለት

ይህ የሆነው ጦርነቱ ሳይመጣ፣ ካርቱም ካላክላ ሰፈር በምንኖርበት ጊዜ ነው። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፣ ያቺን ቀን ግን አልረሳትም። በሕይወቴ እንደዚያ የፈራሁበት፣ እንደዚያም የኮራሁበት ቀን የለም። ሁለቱም በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው የደረሱብኝ።

እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ወሎ ሳለሁ በመሠረተ ትምህርት ነው። ካርቱም ከገባሁ ወዲህ የሰው ቤት ሳጸዳ ነው የኖርኩት። ባለቤቴ ግን ራሺያ አገር የትራክተር ጥገና ተምሮ የመጣ ሰው ነበር። በፖለቲካ ምክንያት አገር ጥሎ ወጣ፣ ካርቱም ተገናኘን፣ አንዲቷን ልጃችንን ሀያትን ወለድን።

አባቷ ከመሞቱ በፊት ለረጅም ጊዜ ታሞ ተኝቶ ነበር። ግቢው ውስጥ የገመድ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ራሺያኛ ያስተምራታል። ሌላ የሚያወርሳት ነገር አልነበረውማ። እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤት ይዛዋለች። ታዲያ ጨዋታቸው ሁሉ የጠብ ጨዋታ ነበር። እሱ ራሺያዎች ሲጣሉ የሚባባሉትን ይነግራታል፣ እሷ እንግሊዞች በዚያው ንዴት ምን እንደሚሉ ትፈልጋለች።

«የፍቅር ቃል ከመጽሐፍ ይገኛል፤ የጠብ ቃል ግን አብረው ካልሠሩ፣ አብረው ካልበሉ አይገኝም» ይል ነበር።

እኔ ልብስ እያጠብኩ እሰማቸዋለሁ። ራሺያ ሰው ቂም ሲይዝብህ ጥርሱን ሳለብህ ይባላል አሉ። «እኛስ ጥርስ ነከሰብኝ እንል የለ እንዴ!» ብዬ ስገባባቸው ሁለቱም ሳቁ። ሊመታህ ሲዝት ደግሞ «አንገትህን ሳሙና እቀባልሃለሁ» ይላል አሉ። ሀያት ይህን ወደ እንግሊዝኛ ስትመልስ ሳሙናውን እንዳለ ሳሙና ብላ አስገባችው። አባቷ ተቆጣ።

«እንግሊዙ ገላውን ሊያጥቡለት መሰለው እኮ! ቃሉን ተይው፤ ቁጣውን መዝኚ። ይኸኛው የተቆጣውን ያህል ያኛውም ይሰማው!»

እሱ ካረፈ በኋላ ግን ራሺያኛው የትም አላደረሳትም። ሥራ ፈልጋ ፈልጋ አጣች። በመጨረሻ አንዲት ሱዳናዊት እመቤት ልጅሽ ቤቴ ገብታ ታገልግለኝ አለችኝ። ከቅዳሜ ጀምሮ ልልክላት ቃል ሰጠሁ። እኔ የሰው ወለል ስጠርግ የኖርኩት እሷ እንዳትጠርግ ነበር።

በዚያው ሳምንት፣ እኔ የማጸዳበትና ሻይ የማፈላበት ድርጅት አስተርጓሚው ለቀቀ። የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍሩ ሰዎች ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ራጁ የሚባል ህንድ ነው፣ እንግሊዝኛ ነው የሚናገረው። የመቆፈሪያ መኪናው ባለሙያ ቪክቶር የሚባል ራሺያዊ ነው፣ ከራሺያኛ ሌላ አያውቅም። የለቀቀው አስተርጓሚ ሽበታም፣ ትሑት፣ ድምፁ ከፍ ሲል ሰምተነው የማናውቅ ሱዳናዊ ነበር። እሱ እያለ ቢሮው እንደ መስጊድ ጸጥ ያለ ነው። መኪናው ግን ለወራት ቆሟል።

ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት አላህ ይወቀው፣ ሚስተር ራጁን በዐረብኛ «ልጄ ራሺያኛ ታውቃለች» አልኩት።

«ነገ አምጪያት» አለኝ። «ከቻለች ትቀጥላለች፤ ካልቻለች ሻይ ጠጥታ ትሄዳለች።»

በማግስቱ ሐፍላ በሚሉት አውቶቡስ ውስጥ፣ ሰዉ በሰው ላይ ተጨናንቆ፣ ሱቅ ዐረቢ ገበያ እስክንወርድ መከርኳት።

«ስሚኝ ልጄ። እኛ አገር በተጣሉ ሰዎች መሐል የሚመላለስ ሰው ክፉውን ቃል መንገድ ላይ ጥሎ፣ ደጉን ይዞ ነው የሚደርስ። አንቺም እንደዚያ አድርጊ።»

«አባዬ እንደዚያ አላስተማረኝም፣ እማ።»

«አባትሽ ከሥራ ሥራ ሲባረር የኖረው በዚያ አፉ አይደል?»

እሺ አላለችኝም።

በር ላይ ዘበኛው ዐም ኢድሪስ አያት አያትና ሳቀ። «ያ ኡም ሀያት፣ የሀያት እናት! ይቺ ናት ቪክቶርን የምታናግረው? ቢያስነጥስ ትወድቃለች እኮ!»

«ኢንሻአላህ አትወድቅም» አልኩት።

እነሱ ቢሮ ገቡ፣ እኔ ከጎን ካለችው ኩሽና ብርጭቆ እያጠብኩ፣ በተከፈተው በር እያየሁ ጆሮዬን አቆምኩ። የተባባሉትን በኋላ ሀያት ነች የነገረችኝ። መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። ትንሽ ቆይቶ ቪክቶር ድምፁን ከፍ አደረገ። ሀያትም ተከትላው ከፍ አደረገች! ሚስተር ራጁ ጠረጴዛ መታ። የሀያት ራሺያኛ ደግሞ እንደ ጥይት ወጣ።

ቪክቶር «ከመጣሁ ጀምሮ ጥርስህን ስለህብኛል» ይላል። ሚስተር ራጁ በእንግሊዝኛ መጥረቢያ ከእጀታው ሲወልቅ በሚባል አነጋገር «አትፈናጠር» ይላል፣ በንዴት አትገንፍል ለማለት። እሷ መጥረቢያውን ትታ፣ ራሺያዎች በከንቱ ለሚቆጣ ሰው «ጠርሙስ ውስጥ አትግባ» የሚሉትን አምጥታ ትሰጠዋለች። ቪክቶር በንዴት ቀላ፣ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። ከዚያ ያቺን የሳሙናዋን ነገር ተናገረ። እሷን እንኳ እኔም ከባሌ አፍ አውቃታለሁ።

ሀያት እንግሊዝኛውን ስትለው የሚስተር ራጁ ፊት ተለዋወጠ። ገላህን ላጥብህ እንዳላለችው ገባኝ።

አበቃልን አልኩ። እሷም ቅዳሜ ሰው ቤት ልትገባ፣ እኔም እንጀራዬን ላጣ። የሻዩን ትሪ እንደያዝኩ፣ ሳልጠራ ዘው ብዬ ገባሁ።

«ልጄ! በአላህ ይሁንብሽ፣ አለዝቢው! ሰዎቹን አታጋድያቸው! እንደዚያ እንደለቀቀው ሰውዬ ለስለስ አድርገሽ ንገሪያቸው!» አልኳት በአማርኛ።

ሚስተር ራጁ ወደ ሀያት ዞሮ «እናትሽ ምን አለች?» አላት።

ሀያት አየችኝ። በዓይኔ «አደራ!» አልኳት። የአባቷ ልጅ ግን ያልኩትን በሙሉ፣ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ በራሺያኛ ነገረቻቸው። ሰዎቹን አታጋድያቸው ያልኩትን፣ እንደዚያ ሰውዬ አለዝቢው ያልኩትን፣ አንዲትም አላስቀረችም።

ቪክቶር ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «እንደዚያ ሰውዬ?» አለ። ከዚያ ሚስተር ራጁን በጣቱ እያመለከተ ጠየቀ። «የላክልኝ የመቆፈሪያ ብረት አንድ ቀን ሰው ይገድላል ብዬህ ነበር። ምን ብሎ ነገረህ?»

ሚስተር ራጁ እያስታወሰ መለሰ። «ብረቱ ትንሽ ያደክማል አለኝ።»

«ያደክማል!»

«እኔስ ሥራ ካልጀመርክ ወደ አገርህ እሸኝሃለሁ ያልኩህን?» አለ ሚስተር ራጁ በተራው።

«ዕረፍት ብትወጣ ጥሩ ነው እንዳልክ ነው የነገረኝ። እኔም አመስግነው አልኩት!»

መጀመሪያ የሳቀው ቪክቶር ነው፣ መስኮቱ እስኪነቃነቅ። ሚስተር ራጁም ሳይወድ ሳቀ። ያ ደግ ሽማግሌ፣ አላህ ይዘንለት፣ ክፋት አልነበረበትም። ልክ እኔ ሐፍላ ውስጥ የመከርኩትን ነበር ሲያደርግ የኖረው።

ታረቁ እንዳትሉ። ሳቃቸውን ጨርሰው እንደገና ተጣሉ! አሁን ግን ስለ ብረቱ ነው። ይኸኛው ይጮኻል፣ ሀያት ትጮኻለች፣ ያኛው ይጮኻል፣ ሀያት ትጮኻለች። ላቧ በአንገቷ ይወርዳል። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ዱዓዬን አደርጋለሁ። በመጨረሻ ሚስተር ራጁ ስልክ አንስቶ ትክክለኛው ብረት እንዲመጣ አዘዘ።

ያኔ ቪክቶር እጁን ዘረጋለት። «እኛ አገር ከጥሩ ጠብ መጥፎ ሰላም ይሻላል ይባላል» አለው። «እኔና አንተ ግን ስንት ወር በመጥፎ ሰላም ኖርን፤ አንድ ጣሳ ውሃ አላወጣንበትም።» ይቺንም አባባል ከባሌ ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ።

ወደ ሀያት ዞረ። «ይህ የመጽሐፍ ራሺያኛ አይደለም፤ የጋራዥ ነው። የት ነው የተማርሽው?»

«ቤታችን፣ ከአባቴ» አለችው።

ቪክቶር ከወንበሩ ተነስቶ ኮፍያውን አወለቀ። እኔ እዚያው ትሪዬን ይዤ አለቀስኩ። ባሌ ክፍሉ ውስጥ የገባ መሰለኝ።

ሚስተር ራጁ የቀዘቀዘውን ሻይ አነሳና «ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት» አላት። በቃ፣ ይኸው ነው።

በሩ ላይ ዐም ኢድሪስ ጩኸቱን ሁሉ ሰምቶ ቆሞ ይጠብቀናል። «አባረሯችሁ?»

«ማነው የሚያባርራት? ነገ ስትመጣ በሩን ቶሎ ክፈትላት!» አልኩት። ድምፄ ለራሴ አዲስ ሆነብኝ።

ሐፍላው ውስጥ ሀያት ክንዴ ላይ ተደገፈች። «ፈርተሽ ነበር እንዴ?» ብላት «ካንቺ በላይ» አለችኝ። ያን ጊዜ ስልኬን አውጥቼ ለእመቤቲቱ ደወልኩ። «ይቅርታ፣ ቅዳሜ ልጄ አትመጣም። ሥራ ይዛለች» አልኳት፤ ሰዉ ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብዬ።

ዛሬ ጦርነቱ በትኖን ገዳሪፍ ነው ያለነው። ሀያት እዚህም የምትሠራው ያንኑ ሥራ ነው። እኔ አሁንም ፈሪ ነኝ፤ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ካየሁ መሐላቸው ገብቼ ማለዘቤ አልቀረም። ጎረቤቶቼ ልጅሽ ሥራዋ ምንድን ነው ሲሉኝ ግን አንገቴን ቀና አድርጌ ነው የምመልሰው።

«ጠብ ታሻግራለች» እላቸዋለሁ።

«ታጣላለች ማለትሽ ነው?»

«የለም። የዚህን ቁጣ ወስዳ ለዚያ ታደርሳለች። አንዲት ሳታጎድል።»