የእመት ፊርማ ሕግ

ትምህርታዊ ቪዲዮ በሚሠራበት ድርጅት ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «እመት ፊርማ» ነው የሚሏት። አሥራ ስድስት ዓመት ሥራ ስታስተባብር ሕጓ አንድ ነው፦ ደንበኛው ጽሑፉን አንብቦ ሳይፈርም ድምፅ አይቀረጽም። ሠዓሊው «እሷ እኮ ሳታስፈርም አታስነጥስም» እያለ ይቀልድባታል። እሷም ፈገግ ትላለች፤ ለመቆጣት አቅሙ የላትም።

ይህን ሕግ የጣሰችው አንዴ ብቻ ነው፣ ለታላቅ እህቷ። እህቷ የድርጅቱ ተራኪ ነበረች። ሐኪሞች ከጉሮሮዋ እብጠት ሊያወጡ ቀን ቆረጡ፤ ከዚያ በኋላ ድምጿ ይመለስ አይመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

«ልጅ ሲያተኩሰው እናቶች ምን ያድርጉ የሚለውን ቪዲዮ በኔ ድምፅ ልጨርሰው» አለች እህቷ። «ሌላ አልለምንሽም።»

ጽሑፉ ገና አልተፈረመም። ጽሑፉን በደንበኛው ስም የሚያጸድቀውን ሐኪም ሁለት ቀን ብትጎተጉተው ይፈርም ነበር፣ ጊዜም ነበር። ግን ደክሟት ነበር፤ ሰው መጎትጎት ሰልችቷታል። «ጽሑፉ ምን ይለወጣል ብለሽ ነው» አለቻትና አስቀረጸቻት።

እህቷ ከቀዶ ጥገናው ያለ ድምፅ ወጣች። በሦስተኛው ሳምንት የደንበኛው ሐኪም ጽሑፉን መለሰ፤ ስለ መድኃኒት አሰጣጥ የሚናገሩ አሥራ አንድ ዓረፍተ ነገሮች ተለውጠዋል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ የእሷ ግን የሚለቀምም አልነበረም። የድምፅ ባለሙያው ከእህቷ የድሮ ቅጂዎች ቃል እየቆረጠ ሊያገጣጥም ሞከረ። ንባቡ ተንተባተበበት። ለታመመ ልጅ የሚሰጥ መድኃኒት ደግሞ ተንተባትቦ አይነገርም። ሁሉም በሌላ ሰው ድምፅ እንደ አዲስ እንዲቀረጽ ተወሰነ።

ማታ ቤት ስትገባ ለእህቷ ነገረቻት። «እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሁለት ቀን ለፍቼ ቢሆን ኖሮ ያንቺ ድምፅ ቪዲዮው ላይ ይኖር ነበር።» አለቀሰች።

እህቷ ደብተሯን ሳብ አድርጋ ጻፈች፦ «አዲሷን ተራኪ ነገ ከኔ ፊት አስቀምጫት። የት እንደምትተነፍስ አሳያታለሁ።»

በማግስቱ አዲሷ ተራኪ ስታነብ፣ እህቷ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ በእጇ ትመራት ጀመር፦ እዚህ ጋ ቀስ፣ እዚህ ጋ ቁሚ። እመት ፊርማ የተፈረመውን ጽሑፍ ይዛ ከቀረጻ ክፍሉ መስታወት ማዶ ቆማለች። የምታየው ግን ጽሑፉን አልነበረም፤ የእህቷን ከንፈር ነበር። እህቷ እያንዳንዱን ቃል ያለ ድምፅ አብራ ትል ነበር።